በሰውነት ውስጥ የሚገኙ ማዕድናት መጠንና ከካንሰር ጋር ያላቸው ግንኙነት

የሰው ልጅ በጤና ለመኖር ከሚያስፈልጉት ንጥረ ነገሮች መካከል በእጅጉ አነስተኛ በሆነ መጠን የሚፈለጉ ማዕድናት ይገኙበታል። አዮዲን፣ ሴሊኒየም፣ ዚንክ፣ መዳብና ብረት ከእነዚህ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው የአዮዲን መጠን 150 ማይክሮ ግራም፣ የሴሊኒየም መጠን ደግሞ 55 ማይክሮ ግራም ያህል ነው። አንድ ማይክሮ ግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ በመሆኑ አንድ ሰው በ50 ዓመት ውስጥ የሚያስፈልገው ሴሊኒየም በሙሉ ቢጠራቀም አንድ ግራም ያህል ብቻ ነው። ይሁንና ይህ ኢምንት የሚመስል መጠን ሲጓደልም ሆነ ከልክ ሲያልፍ በሰውነት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም።

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ኦሎምፒያ አካባቢ፣ ቢሮዎችና የንግድ ተቋማት እንደሚበዙባቸው እንደ ሌሎቹ የመዲናዋ ሥፍራዎች ሁሉ፣ የቫይታሚንና የማዕድን እንክብሎችን ከመድኃኒት ቤት መግዛት አስቸጋሪ አይደለም። ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶችም በስጦታ ይዘዋቸው ይመጣሉ። እንክብሎቹ በሽታን የመከላከል አቅም ይጨምራሉ፣ አልፎም ካንሰርን ያርቃሉ የሚል እምነት በበርካታ ተጠቃሚዎች ዘንድ አለ። በአንጻሩ በዚያው አካባቢ የሚሠራው ሠራተኛ ለምሳ የሚመገበው እንጀራና ዳቦ፣ በወጡ ውስጥ የሚገባው ጨውና የሚጠጣው ውኃ በሰውነቱ ውስጥ የሚኖረውን የማዕድን መጠን በዋናነት የሚወስኑ መሆናቸው ብዙም ትኩረት አይሰጠውም።

በማዕድናትና በካንሰር መካከል ግንኙነት መኖሩን የሚያመለክቱ ጥናቶች በርካታ ናቸው። ግንኙነቱ ግን አንድ እንክብል በመዋጥ የሚፈታ አይደለም። ከጥናቶቹ የሚገኘው ዋነኛ ትምህርት ጉዳዩ ከግለሰብ ይልቅ ይበልጡን የአፈር፣ የጨው፣ የዱቄትና የውኃ ቁጥጥር፣ በሌላ አነጋገር የመንግሥት ሥራ መሆኑ ነው።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ ለ2022 ባወጣው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በዓመቱ ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በካንሰር የተያዙ ሲሆን ከ54 ሺህ የማያንሱት ደግሞ በዚሁ በሽታ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በሴቶች ላይ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ቀዳሚውን ሥፍራ ይይዛሉ። ትምባሆ፣ አልኮል፣ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያስከትለው ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለበሽታው በማጋለጥ ረገድ ከፍተኛ ድርሻ እንዳላቸው የተረጋገጠ ነው። የማዕድናት ሁኔታም መታየት የሚኖርበት ከእነዚህ መንስኤዎች ጎን እንጂ በእነርሱ ምትክ አይደለም።

ማዕድናቱ በሰውነት ውስጥ የሚሰጡት አገልግሎት

በሰውነት ሴሎች ውስጥ በየዕለቱ ከሚካሄደው ኃይል የማመንጨት ሥራ ጋር ተያይዞ ሴሎችን ሊጎዱ የሚችሉ ኬሚካሎች ይፈጠራሉ። ሴሊኒየም እነዚህን ጎጂ ኬሚካሎች የሚያመክኑ ኢንዛይሞች የሚሠሩበት ማዕድን ነው። ከእነዚህም መካከል ግሉታቲዮን ፐርኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም በስፋት ይታወቃል። የሴሊኒየም መጠን ሲያንስ የኢንዛይሙ የመሥራት አቅም አብሮ ይቀንሳል።

ዚንክ በበኩሉ ለበርካታ ኢንዛይሞች ሥራ፣ ለሴሎች መራባትና ለቁስል መዳን አስፈላጊ ነው። ጉዳት የደረሰበትን ዲኤንኤ በመጠገን ሂደት ውስጥ ይሳተፋል። የተጎዳ ሴል እንዳይራባ በማገድ ካንሰርን ከሚከላከሉት ፕሮቲኖች ዋነኛው ፒ53 የሚባለው ሲሆን፣ ቅርጹን ጠብቆ ሥራውን ማከናወን የሚችለውም ዚንክን በውስጡ ሲይዝ ነው።

አዮዲን ታይሮይድ በሚባለው የአንገት ዕጢ ውስጥ ለሚመረተው ሆርሞን መሠረት ነው። ብረት ኦክስጅንን በደም ውስጥ ለማጓጓዝ የሚያገለግል ሲሆን፣ መዳብ ደግሞ ለኃይል ማመንጨትና ለአዳዲስ የደም ሥሮች መፈጠር ይጠቅማል።

እነዚሁ ማዕድናት ከልክ ሲያልፉ ግን ጎጂ ይሆናሉ። ብረት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እጥረቱ የደም ማነስን የሚያስከትል ሲሆን፣ በዘር በሚተላለፍ ችግር ሳቢያ ከመጠን በላይ በጉበት ውስጥ የሚከማችባቸው ሰዎች ደግሞ ለጉበት ካንሰር የመጋለጥ ዕድላቸው ይጨምራል። ሴሊኒየምም ቢሆን ሲበዛ ፀጉርን ያረግፋል፣ ጥፍርን ያበላሻል፣ በነርቭ ላይም ጉዳት ያደርሳል። በመሆኑም የእያንዳንዱ ማዕድን ጤናማ መጠን ከታችም ከላይም ወሰን ያለው ነው።

አፈሩና በደም ውስጥ የሚገኘው ሴሊኒየም

በኢትዮጵያ ይህንን ጉዳይ አስመልክቶ ከተደረጉ ጥናቶች መካከል በአገር አቀፉ የደቂቅ ንጥረ ምግቦች ጥናት ወቅት እ.ኤ.አ በ2015 በተሰበሰቡ የደም ናሙናዎች ላይ የተመሠረተውና እ.ኤ.አ በ2020 የታተመው ይጠቀሳል። በጥናቱ መሠረት 35 ነጥብ 5 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ የሴሊኒየም እጥረት ያለበት መሆኑ ተገምቷል። ለመለኪያነት የተወሰደው ግሉታቲዮን ፐርኦክሲዴዝ በተሟላ ሁኔታ እንዲሠራ የሚያስችለው በአንድ ሊትር የደም ውኃ 70 ማይክሮ ግራም ሴሊኒየም ነው።

ከአማካዩ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ግን በአካባቢዎች መካከል የታየው ልዩነት ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በአማራ ክልል አንዳንድ አካባቢዎች በሕዝቡ ደም ውስጥ ያለው ሴሊኒየም ዝቅተኛ ሲሆን፣ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል በአፋር፣ በሶማሌና በኦሮሚያ ክልል አንዳንድ ሥፍራዎች ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ለልዩነቱ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ የአፈሩ ባሕርይ ነው። ዝናብ በሚበዛባቸው ደጋማ አካባቢዎች አፈሩ አሲዳማነት ስለሚያይልበት ሴሊኒየም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሥሩ ሊስበው ስለማይችልም እህሉ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። አሲዳማነት በሌለባቸው የስምጥ ሸለቆና ደረቃማ አካባቢዎች ግን ሰብሉ ማዕድኑን በቀላሉ ያገኛል። በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ ክልሎች እንዲሁም በማላዊ በተሰበሰቡ የእህልና የአፈር ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመው ጥናትም በአንድ ዓይነት እህል ውስጥ የሚገኘው የማዕድን መጠን እንደ በቀለበት ሥፍራ በሰፊው እንደሚለያይ አረጋግጧል።

ይህ ሁኔታ በተለይ የሚያሳስበው ከራሱ ማሳ የሚያገኘውን እህል የሚመገበውን አርሶ አደር ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከጎጃም፣ ከአርሲ፣ ከሸዋና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጣ እህል አቀላቅሎ የሚመገብ በመሆኑ የአንዱ አካባቢ ጉድለት በሌላው ሊካካስለት ይችላል። በአንድ ቀበሌ አፈር ላይ ብቻ ኑሮውን የመሠረተ ቤተሰብ ግን ይህ ዕድል የለውም።

ዚንክን በሚመለከት ደግሞ ከዚሁ አገር አቀፍ ጥናት በተገኙ ናሙናዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ በ2021 የታተመው ሥራ እጥረቱ ከሴሊኒየም የከፋ መሆኑን ያሳያል። 72 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ የዚንክ እጥረት እንዳለበት ተገምቷል። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የእንስሳት ተዋጽኦ ፍጆታ ማነስ ነው። ሌላው በጥራጥሬና በእህል ገለባ ውስጥ የሚገኘውና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ነው። በባህላዊ መንገድ በእርሾ የሚቦካው የእንጀራ ሊጥ ፋይቴትን የሚቀንስ በመሆኑ የማቡካቱ ሂደት ጥቅሙ ለጣዕም ብቻ አይደለም።

የምግብ ቧንቧ ካንሰርና የማዕድን እጥረት

ከኢትዮጵያ ተነስቶ በኬንያና በታንዛኒያ በኩል እስከ ማላዊና ደቡብ አፍሪካ በሚዘልቀው ሰፊ መሬት ላይ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከሌሎች የዓለም ክፍሎች በላቀ ሁኔታ ይታያል። በኢትዮጵያም የአርሲና የባሌ አካባቢዎች በሽታው ጎልቶ የሚታይባቸው መሆናቸውን በአገር ውስጥ የተካሄዱ ጥናቶች ያመለክታሉ።

እ.ኤ.አ በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በአፍሪካ የዚህ ካንሰር ሥርጭት የሴሊኒየምና የዚንክ እጥረት ካለባቸው አገሮች ጋር የሚመሳሰል መሆኑን አሳይቷል። ይህ ግኝት ጠቃሚ ፍንጭ ቢሆንም እንደ ማረጋገጫ የሚወሰድ አይደለም። የአገርን አማካይ ከአገር አማካይ ጋር ማነጻጸር በበሽታው የተያዘው ግለሰብ ራሱ እጥረቱ ያለበት መሆን አለመሆኑን አያሳይም። ከዚህም በላይ እጥረቱ ባለባቸው አካባቢዎች ሌሎች አጋላጭ ሁኔታዎችም አብረው ይገኛሉ። በአርሲና በባሌ በተደረጉት ጥናቶች ትኩስ ገንፎና ትኩስ መጠጥ የመውሰድ ልማድ፣ ትምባሆ፣ ጫት እንዲሁም የአትክልትና ፍራፍሬ ፍጆታ ማነስ ተጠቅሰዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥ ካንሰር የማስከተል ዕድል እንዳለው እ.ኤ.አ በ2016 አስታውቋል።

ጠንከር ያለው ማስረጃ የመጣው ከቻይና ነው። በሄናን ግዛት በሊንሺያን አውራጃ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በከፍተኛ ደረጃ የሚታይ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች በካንሰሩ ከመያዛቸው በፊት ከነዋሪዎች በተወሰደ የቧንቧ ናሙና ውስጥ ያለውን ዚንክ ለክተው እ.ኤ.አ በ2005 ውጤቱን አሳትመዋል። ከፍተኛ ዚንክ የተገኘባቸው ሰዎች ዝቅተኛ ከተገኘባቸው ይልቅ በካንሰሩ የመያዝ ዕድላቸው በእጅጉ ያነሰ ነበር። የጥናቱ ጥንካሬ ልኬቱ ከበሽታው አስቀድሞ የተወሰደ መሆኑ ነው።

እንክብሉ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም

በዚያው በሊንሺያን ከ29 ሺህ በላይ ነዋሪዎች የተሳተፉበት ሰፊ ሙከራ ተካሂዶ ነበር። ሴሊኒየምን፣ ቫይታሚን ኢን እና ቤታ ካሮቲንን በአንድነት ለአምስት ዓመታት ያህል በወሰዱት ወገኖች መካከል በካንሰር የሚከሰተው ሞት በ13 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ በ1993 ይፋ ሆነ። ነዋሪዎቹ ቀድሞውኑ የንጥረ ምግብ እጥረት የነበረባቸው መሆኑ ግን በውጤቱ አተረጓጎም ላይ ሁሌም መታወስ ይኖርበታል።

በአሜሪካ 1 ሺህ 312 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ሙከራ እ.ኤ.አ በ1996 ሲታተም የሴሊኒየም ተጠቃሚዎች በአጠቃላይ በካንሰር የመያዝ መጠናቸው ቀንሶ በመታየቱ ከፍተኛ ተስፋ አሳድሮ ነበር። ይህንን ተስፋ ለማረጋገጥ እ.ኤ.አ በ2001 የተጀመረውና ከ35 ሺህ በላይ ወንዶችን ያሳተፈው ሴሌክት የተባለ ሙከራ ግን ሴሊኒየም የፕሮስቴት ካንሰርን እንደማይከላከል በማሳየቱ እ.ኤ.አ በ2008 ከታቀደለት ጊዜ አስቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ክትትሉ ቀጥሎ እ.ኤ.አ በ2011 በወጣው ውጤትም ቫይታሚን ኢን ብቻ በወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ በ1996 በታተመው ሙከራ ተሳታፊዎች ላይ በኋላ በተደረገ ትንታኔም ሴሊኒየም በወሰዱት ዘንድ የስኳር በሽታ ከፍ ብሎ ታይቷል።

ሁለቱ ወገኖች የሚጋጩ ቢመስሉም የሚያስማማቸው ነጥብ አለ። የሊንሺያን ነዋሪዎች እጥረት የነበረባቸው ሲሆኑ፣ አሜሪካውያኑ ግን በአብዛኛው ማዕድኑን ከምግባቸው አሟልተው የሚያገኙ ነበሩ። ባዶ የነበረው ሲሞላ ጥቅም የሚያስገኝ ሲሆን፣ በሞላው ላይ መጨመር ግን ጥቅም የማይሰጥ፣ አንዳንዴም የሚጎዳ መሆኑን ከእነዚህ ሙከራዎች መገንዘብ ይቻላል። ሙከራዎቹን አሰባስቦ እ.ኤ.አ በ2018 የወጣው የኮክሬን ግምገማም የሴሊኒየም እንክብል ካንሰርን እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃ አለመኖሩን ደምድሟል።

ይህ ሲባል ግን በሐኪም የሚታዘዙ እንክብሎች አያስፈልጉም ማለት አይደለም። ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጠው ብረትና ፎሊክ አሲድ፣ ተቅማጥ ለያዛቸው ሕፃናት የሚሰጠው ዚንክ ጥቅማቸው የተረጋገጠ በመሆኑ ሊቋረጡ አይገባም። የካንሰር ሕክምና በመከታተል ላይ የሚገኙ ሰዎች ግን ማንኛውንም ተጨማሪ እንክብል ከመውሰዳቸው በፊት ለሐኪማቸው ማሳወቅ ይኖርባቸዋል።

የምርመራ ውጤት አተረጓጎም

በካንሰር የተያዙ ሰዎች ደም ሲመረመር በአብዛኛው ሴሊኒየምና ዚንክ ዝቅ ብለው፣ መዳብ ደግሞ ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህንን በመመልከት ብቻ እጥረቱ ካንሰሩን አመጣው ብሎ መደምደም ስህተት ላይ ይጥላል። በሽታው ራሱ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ ሰውነትን ያከሳል። በሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር ዚንክ ከደም ወደ ጉበት ይገባል፣ መዳብን የሚሸከመው ፕሮቲን ደግሞ ይጨምራል። ስለሆነም በደም ውስጥ የታየው ለውጥ የካንሰሩ መንስኤ ሳይሆን ውጤቱ ሊሆን ይችላል።

በጤናማ ሰውም ላይ ቢሆን በደም ውስጥ ያለው የዚንክ መጠን በጠዋትና በማታ፣ ከምግብ በፊትና በኋላ የሚለያይ ሲሆን፣ ጉንፋንን በመሰለ ቀላል ሕመም ጊዜ እንኳ ይቀንሳል። ከዚህ የተነሳ የአንድ ጊዜ ልኬት የሕዝብን ሁኔታ ለማጥናት የሚጠቅመውን ያህል የአንድን ግለሰብ ሁኔታ ለመወሰን አስተማማኝ አይሆንም።

በአንዳንድ አገሮች ለገበያ የሚቀርበው የፀጉር የማዕድን ምርመራ ደግሞ ከዚህም የባሰ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። ፎሮፎርን ለማስወገድ የሚያገለግሉ አንዳንድ ሻምፖዎች ሴሊኒየም ወይም ዚንክ በውስጣቸው የያዙ ሲሆኑ፣ የፀጉር ቀለምም ውጤቱን ያዛባል። አቧራና ውኃም የየራሳቸውን ማዕድን በፀጉር ላይ ይተዋሉ። በዚህ ምርመራ ላይ ተመሥርቶ ካንሰር አለ ወይም የለም ማለት የሚያስችል ሳይንሳዊ መሠረት የለም።

ከማዕድን ምርመራዎች ሁሉ ለካንሰር ጥቆማ በመስጠት ረገድ በሐኪሞች ዘንድ ትኩረት የሚሰጠው አንድ ውጤት አለ። እርሱም በጎልማሳ ወንድ ወይም የወር አበባዋ በቆመ ሴት ላይ ያለ ግልጽ ምክንያት የሚታይ የብረት እጥረት ነው። ይህ ሁኔታ ከጨጓራ ወይም ከትልቁ አንጀት በጥቂት በጥቂቱ የሚፈስ ደም ምልክት ሊሆን ስለሚችል የብረት እንክብል ገዝቶ ከመዋጥ ይልቅ ምክንያቱን በሕክምና ማጣራት የግድ ነው።

ከአሰብ እስከ አፍዴራ፡ የአዮዲን ልምድ

የማዕድን እጥረት በመንግሥት ውሳኔ ሊቃለል የሚችል ለመሆኑ የአገሪቱ የአዮዲን ታሪክ በቂ ማስረጃ ነው። አዮዲን ሲያንስ የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን ለማምረት ሲል ከመጠን በላይ ይሠራል፣ በዚሁም ሳቢያ ያብጣል። እንቅርት የሚባለው ይኸው ነው። እንቅርት በአብዛኛው ካንሰር አይደለም። ነገር ግን እጥረቱ ለረጅም ዘመን በቆየባቸው አካባቢዎች ፎሊኩላር የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ዓይነት በአንጻራዊነት ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ይታወቃል። በፍጥነት የሚያድግ፣ የሚጠጥር ወይም ድምፅን የሚያጎረንን እብጠት በሐኪም ሊታይ ይገባል።

ኢትዮጵያ ቀደም ሲል ጨው ታገኝ የነበረው በአብዛኛው ከአሰብና ከምፅዋ ሲሆን፣ አዮዲን የመጨመሩ ሥራም በዚያው ተጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ በ1998 በተቀሰቀሰው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ይህ ምንጭ ሲቋረጥ የአገሪቱ ፍላጎት በአፋር ክልል በሚገኘው በአፍዴራ ጨው ላይ ወደቀ። በአፍዴራ በአነስተኛ አምራቾች ይመረት የነበረው ጨው ግን አዮዲን አልነበረውም።

ውጤቱን ለማየት ብዙ ጊዜ አልወሰደም። እ.ኤ.አ በ2005 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በመውለድ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ሴቶች 35 ነጥብ 8 በመቶው፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት ደግሞ 39 ነጥብ 9 በመቶው እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። በወቅቱ አዮዲን ያለበት ጨው ይጠቀሙ የነበሩት ቤተሰቦች 4 ነጥብ 2 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ይህንን ተከትሎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ቁጥር 204/2003 ለምግብነት የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አስገዳጅ ሆነ። እ.ኤ.አ በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች 89 በመቶ ደርሰዋል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የተመዘገበው ይህ ለውጥ የተገኘው እያንዳንዱ ቤተሰብ እንክብል ገዝቶ ሳይሆን ደንብ ወጥቶና ፋብሪካዎች ሥራ ላይ ውለው ነው።

ሆኖም አዮዲን አለው መባሉ ብቻ በቂ አይደለም። ጨው በቤት ውስጥ በአንድ ኪሎ ግራም ቢያንስ 15 ሚሊ ግራም አዮዲን ሊኖረው እንደሚገባ ዓለም አቀፉ መለኪያ ያስቀምጣል። በፋብሪካ ደረጃውን ያሟላ ጨው በጆንያ ተጭኖ ለፀሐይና ለእርጥበት ከተጋለጠ፣ በሱቅም ውስጥ ተከፍቶ ከተቀመጠ የአዮዲን መጠኑ ይቀንሳል። ከዳሎል የሚወጣው አሞሌ ጨውም አዮዲን የተጨመረበት አይደለም። አዮዲን ያለበትን ጨው ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይመከራል። ይህ ማለት ግን ጨው ማብዛት ማለት አይደለም። ከፍተኛ የጨው ፍጆታ ለጨጓራ ካንሰር የሚያጋልጥ በመሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል።

ፈጽሞ የማይፈለጉት ብረታ ብረቶች

ሰውነት ከሚፈልጋቸው ማዕድናት በተጨማሪ ምንም ጥቅም የሌላቸውና ካንሰር ማስከተላቸው በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠ ብረታ ብረቶችና ውህዶችም አሉ። አርሴኒክ የቆዳ፣ የሳንባና የሽንት ፊኛ ካንሰርን፣ ካድሚየም የሳንባ ካንሰርን፣ ሄክሳቫለንት የሚባለው የክሮሚየም ዓይነትም እንዲሁ የሳንባ ካንሰርን ያስከትላሉ። በዚህ ረገድ ማስረጃው ከሴሊኒየምና ከዚንክ እጥረት ይልቅ የጠነከረ ነው።

አርሴኒክ በተፈጥሮ በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ የሚመክር ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ በሚገኙ አንዳንድ ጉድጓዶች ከዚህ የበለጠ መጠን መገኘቱን ጥናቶች ያሳያሉ። በአካባቢው ፍሎራይድ በስፋት የሚታወቅ ችግር በመሆኑ ለፍሎራይድ የሚደረገው የውኃ ምርመራ አርሴኒክንም እንዲያካትት ማድረግ አስፈላጊ ነው። ካድሚየምን በሚመለከት ለአጫሾች ዋነኛው ምንጭ የትምባሆ ጭስ ነው።

በመሃል አዲስ አበባ የሚያልፉት እንደ ቀበናና ባንተይቀጡ ያሉ ወንዞች የከተማዋን ፍሳሽ ይዘው ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባሉ። በአቃቂ ወንዝ ውኃ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ ከ2000 እ.ኤ.አ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረታ ብረቶች መኖራቸውን አሳይተዋል። ቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ክሮሚየም ትራይቫለንት የሚባለውና ካንሰር በማስከተል ያልተፈረጀው ዓይነት ቢሆንም፣ በአንዳንድ ሁኔታዎች ወደ አደገኛው ዓይነት ሊለወጥ ስለሚችል ፍሳሹ ሳይጣራ እንዳይለቀቅ መቆጣጠር ያስፈልጋል። ቅጠላ ቅጠሎችን ማጠብ በላያቸው ላይ ያለውን አቧራና አፈር ቢያስወግድም በሥር ተስቦ ወደ ውስጥ የገባውን ብረታ ብረት አያወጣም። መፍትሔው የሚጀምረው ከወንዙ ነው።

ትኩረት የሚሹ ጉዳዮች

ከላይ የተዘረዘሩት ሁኔታዎች የሚያመለክቱት በማዕድናትና በካንሰር መካከል ያለው ግንኙነት የጤናውን ዘርፍ ብቻ የሚመለከት አለመሆኑን ነው። እ.ኤ.አ በ2022 በስንዴ ዱቄትና በምግብ ዘይት ላይ ንጥረ ምግቦች እንዲጨመሩ የሚያስገድድ ደረጃ ጸድቋል። በዱቄቱ ላይ ከሚጨመሩት መካከል ብረትና ዚንክ ይገኙበታል። ይህ ደረጃ እንደ ጨው ደንቡ ሁሉ ውጤት የሚያመጣው በፋብሪካ፣ በመጋዘንና በገበያ የሚደረገው ቁጥጥር ሳይቆራረጥ ሲቀጥል ነው።

በሆስፒታሎች፣ በዩኒቨርሲቲዎች፣ በማረሚያ ቤቶችና በመዲናዋ የተማሪዎች ምገባ መርሐ ግብር በርካታ ሰዎች በመንግሥት ግዥ በሚቀርብ ምግብ ይመገባሉ። በእነዚህ ግዥዎች የጨረታ ሰነድ ውስጥ አዮዲን ያለበት ጨውና ደረጃውን ያሟላ ዱቄት በግልጽ እንዲጠየቅ፣ በርክክብ ወቅትም እንዲመረመር ማድረግ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ ነገር ግን በርካቶችን የሚደርስ እርምጃ ነው።

በግብርናው ዘርፍ የአሲዳማ አፈርን በኖራ ማከም ምርትን ከማሳደግ ባሻገር ሰብሉ ሴሊኒየምን እንዲያገኝ ያግዛል። ዚንክ የተቀላቀለበት ማዳበሪያም እህሉ በዚንክ እንዲዳብር ሊረዳ ይችላል። ፊንላንድ እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ አጋማሽ በማዳበሪያ ላይ ሴሊኒየም እንዲጨመር በማድረግ የሕዝቧን የሴሊኒየም መጠን ከፍ ማድረግ ችላለች። ካንሰር በዚህ ምክንያት መቀነሱ በግልጽ ባይረጋገጥም እጥረቱን ራሱን ማስወገድ መቻሉ ለልብ፣ ለበሽታ መከላከያና ለሕፃናት ዕድገት የሚሰጠው ጥቅም በቂ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያም ተመሳሳይ እርምጃ ቢታሰብ በምዕራቡ እጥረት፣ በምሥራቁ ደግሞ ከፍተኛ መጠን በመኖሩ በየአካባቢው ጥናት ላይ ሊመሠረት ይገባል።

የማዕድን እጥረትን ማስወገድ በራሱ ካንሰርን አያጠፋም። ትምባሆን መቆጣጠር፣ ልጃገረዶችን የማኅፀን በር ካንሰርን ለሚያስከትለው ቫይረስ፣ ሕፃናትን ደግሞ ለሄፓታይተስ ቢ መከተብ እንዲሁም በሽታውን በጊዜ መርምሮ ማወቅ ቀዳሚ ሥራዎች ሆነው ይቀጥላሉ። ነገር ግን ጨው፣ ዱቄት፣ አፈርና ውኃ በየዕለቱ የእያንዳንዱን ዜጋ ሰውነት የሚነኩ በመሆናቸው በእነርሱ ላይ የሚደረገው ቁጥጥር ከማንኛውም እንክብል የላቀ ድርሻ አለው። ኃላፊነቱም በየደረጃው የሚገኙ የጤና፣ የግብርና፣ የኢንዱስትሪ፣ የውኃ፣ የግዥና የቁጥጥር አካላት የጋራ ኃላፊነት ነው።